አራት ጎማ ያለው ሞተር ሳይክል

ናንግል ሸርጋ መንደር፣ ፑንጃብ
ኦክቶበር 12

ይድረስ በጣሊያን አገር ላሞች በማለብ ላይ ለሚገኘው የወንድሜ ልጅ ለሃርቢላስ ሲንግ፤

የሞተር ሳይክላችን የኋላ ጎማ፣ ባደረበት ጽኑ የጎን መሰንጠቅ ምክንያት በሮሻን ጋራዥ ሲረዳ ከቆየ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟቹ ከሞተር ሳይክሉ ጋር ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ሲሆን፣ በአጭር ዕድሜው ብዙ ሚስማር የቻለ፣ ብዙ ውሻ ያስደነገጠና አንድም ቀን ያላማረረ ነበር። እንደ ወጋችን ልናቃጥለው አስበን ጎረቤት ገና ጭሱን ሳያይ አመፀ፤ ስለዚህ እናትህ ጓሮ ቀብራው ሽንኩርት ተክላበታለች። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ።

ይህን ካስታወቅኩ በኋላ ወደ ጤናህ እገባለሁ። አምላካችን ዋሄ ጉሩ ከላም ርግጫ፣ ከአለቃ ቁጣና ከዚያ አገር ብርድ ይሰውርህ። እኛ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነን። ስልክ አይደውልም ብለህ እንዳትቀየም። አንተ ለሞተሩ ያዘዝከው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ከተገጠመና እኔም አጠገቡ ቆሜ ድምፁን ከመረመርኩ ወዲህ ስልክ ላይ የምሰማው ንብ ብቻ ነው። እናትህ ሰምታ ትንገረኝ ብል ደግሞ የምትነግረኝ የተባለውን ሳይሆን ሊባል ይገባ ነበር ብላ የምታስበውን ነው። ማርሚታውን እንደሆነ ፖሊስ ይጮኻል ብሎ ወስዶ ከመሰሎቹ ጋር ደርድሮ በሮሎ ዳመጠው። ጆሮዬን ግን የመለሰልኝ የለም። ስለዚህ ወደ ብዕር ተመልሻለሁ። ሠላሳ ዓመት በመሬት መዝገብ ቤት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አያቅተኝም።

ልማዴ ነውና ጉዳዩን ከሥሩ ላስታውስ። ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥተህ ይህን ሞተር ሳይክል ገዛህ። ፋብሪካው አዲስ ሠርቶ አሮጌ ያስመሰለው ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን አሮጌ የመሰለ አዲስ፣ አዲስ ለማስመሰል ይኸው ደፋ ቀና እንላለን። በዚሁ ሞተር ላይ ተቀምጠህ በአውቶቡስ ፌርማታ ናቭሪትን አየሃት። እሷም «አያትህ ያውቃሉ ይዘኸው እንደወጣህ?» ብላ ሳቀችብህ። ተናደህ መሰለኝ፣ ልታገባት ወሰንክ።

ሠርጉ እንደተቆረጠው ማርች 29 ነው። ሙሽራ በፈረስ ይመጣል ብንልህ «በፈረስ አልመጣም፤ የሳቀችበትን ሞተር አሳምሬ በእሱ እወስዳታለሁ» አልክ። አባቷ ሳጅን ሙክቲያርም ተስማምተዋል። የእሳቸውን ነገር ታውቃለህ፤ ትልቋን ልጃቸውን ለካናዳ ሙሽራ ድረው፣ ሰውዬው እዚያ ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳሉት የሰሙት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሎሽ አልጠየቁም፣ ቤት አልጠየቁም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ልጁ ራሱ ነድቶ ደጄ ይምጣ። የደበቀው ነገር ግን አይኑር። ከተደበቀ ጋር ሁለተኛ አልዛመድም።»

እንግዲህ የምትወስነው ነገር አለ። አዲሱ ቸርኬ ባለ ሽቦ ራጂ ይሁን ወይስ ድፍን? በዚህ ጉዳይ የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁለት ተከፍለው መነጋገር አቁመዋል። ፈጥነህ ካልመለስክ በጸሎት ቤታችን በጉርድዋራው ምግብ ቤት ረድፍ ይዞ አብሮ የሚበላ አይኖርም።

አጎትህ ታርሴም ሲንግ
ጡረተኛ፣ የመሬት መዝገብ ቤት


ክሬሞና አጠገብ
ኦክቶበር 31

ውድ አጎቴ ቻቻ ጂ፣

እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። የእናቴንም እግር ይንኩልኝ፤ ጎንበስ ማለት ካቃተዎት በዓይንዎ ይንኩት።

የጎማው ሐዘን እዚህ ድረስ ተሰምቷል። ላሞቹ ለአንድ ደቂቃ አላመሰኩም። አለቃዬ ሲኞር ግን «ለጎማ ፈቃድ አይሰጥም» ስላለ ሥራዬ ላይ ነኝ። ሥራውም ያው ነው። ላሞቹ ሁሉ በጆሯቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ እኔ በደረቴ ላይ። አንዷ ስትታመም ሐኪም በመኪና ይመጣል፤ እኔ ሳስነጥስ «አታስደንግጣቸው» እባላለሁ። ከሁሉ የምጠላው በረቱ ውስጥ መሬት ለመሬት በሰንሰለት እየተጎተተ እበት የሚጠርገውን ረጅም ብረት ነው። ማንም ሳያዝዘው በራሱ ሰዓት ይነሳል፣ ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። አንዳንዴ እርስዎን ያስታውሰኛል።

ወደ ቁም ነገር። ሽማግሌዎቹን ያስታርቋቸው፦ ቸርኬው ባለ ራጂ ይሁን፣ ወርቃማ ቀለም። ድፍን ቸርኬ የዱቄት ወፍጮ ያስመስለዋል። ጎማው ሰፊ፣ ጥርሱ ጉልህ። ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ከፊትም ከኋላም ተቆርጦ አጭር ይሁን። የፊት መብራቱ ክብና ትልቅ ሆኖ የሽቦ መረብ ይደረግበት። መቀመጫው ቡናማ ቆዳ፤ በጎን የቆዳ ቦርሳ። ስፖኪዮዎቹ ክብ ይሁኑ፣ ከመሪው ጫፍ ላይ። ክላክሱ እባክዎ ዘፈን አይሁን። የሮሻን ጋራዥ የሚገጥማቸው ክላክሶች ሰርግ ከማድመቅ ይልቅ ሙሽራ ያስመልሳሉ። የእግር መርገጫዎቹ ደግሞ ወደ ኋላ ይሳቡ። እንደ ተወዳዳሪ ታንኩ ላይ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ማርሹን በጫማዬ ጫፍ ብቻ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ ነው ደጃቸው የምገባው። እንዲያ ሆኜ ሲያዩኝ ሳጅኑ የተደበቀ ነገር ከፈለጉ ሱሪዬ ውስጥ እንኳ ቦታ አያገኙም፤ ጠባብ ነው የማሰፋው።

ናቭሪትን ካገኟት «አያቴ አውቀዋል፤ ፈቅደዋል» ይበሉልኝ።

የእርስዎ ሃርቢላስ


ናንግል ሸርጋ
ኖቬምበር 22

ለክቡር ሙሽራ፤

ዕድሜህ እንደ ቦይ ውሃ ይርዘም፣ ሆድህ በደስታ ይሙላ። እነሆ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት።

ቸርኬዎቹ ከጃላንዳር ከተማ መጥተዋል። ወርቃማነታቸው ከፍተኛ ስለሆነ የጎረቤታችን ሚስት ለባሏ «ለእኔ አምባር የለም፣ የታርሴም ጎማ ግን ወርቅ ያጠልቃል» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች። የሽማግሌዎቹ ዕርቅም ተሳክቷል፤ አሁን ሁለቱም ወገን በአንድነት የሚጠሉት እኔን ነው።

ሰፊው ጎማ ግን ጎማ በሚይዘው የብረት ሹካ መሃል አልገባም አለ። ሮሻን ዙሪያውን አይቶ፣ ጢሙን አሽቶ፣ «ጎማው አልሰፋም፤ ሞተሩ ነው የጠበበው» አለና መጋዝ አነሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት ልቤ ስላልቻለ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ገብቷል። በአሁኑ ሰዓት ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ በሚገባ የሚታጠፍ ሲሆን፣ ወደ ቀኝ መታጠፍን በመርህ ደረጃ ይቃወማል። ገበያ ስንሄድ ግራ ግራውን ዞረን ነው የምንደርሰው። ሮሻን «ይለምዳል» ይላል። ማን እንደሚለምድ አልጠየቅኩትም።

ናቭሪት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ በር ላይ ስኩተሯን አቆመች። ጎማውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣

«ቻቻ ጂ፣ ይሄ ለሠርግ ነው ለእርሻ?» አለችኝ።

«ለሁለቱም» አልኩ።

«እንግዲያው ማረሻውንም ግጠሙለታ። ከደጃችን ስንነሳ ስንዴውን እያረስን እንሄዳለን።»

ሮሻን ተቆጣ። «እህቴ፣ ይሄ ሥነ ጥበብ ነው!»

«አየሁት እኮ። ዘይት ያንጠባጥባል ሥነ ጥበቡ።»

ከዚያ ሎሚና ቃሪያ ያንጠለጠልንበትን የመብራቱን ክር አስተካክላ (ክፉ ዓይን እንዳይነካው እናትህ ያሰረችው ነው) ስኩተሯን አስነሳች። ልትሄድ ስትል ግን ዞር ብላ፣ «ንገሩት፤ እኔ የምጠብቀው ጎማውን አይደለም» አለች። እንደተባለው ቃል በቃል አስተላልፌያለሁ። እጅህን አፍህ ላይ ጭነህ ስትስቅ ታየኝ።

ታርሴም


ክሬሞና
ጃንዋሪ 11

ቻቻ ጂ፣

እግርዎን ነክቼ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው። ጽሑፌ ጠማማ ከሆነ የምጽፍበት ቦታ ስለማይመች ነው፤ ሌላ አይምሰልዎ። በዲሴምበር ላይ አንዷ ላም ትንሽ ረግጣኝ ነበር፤ አብጦ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ። እናቴ ይህን መስማት አያስፈልጋትም።

የእግር መርገጫዎቹን ወደ ኋላ መሳቡ ይቅር። ካለበት አይነካ። አንድ ሌላ ነገር ግን አለ። ማርሹ በግራ እግር ነው አይደል? ወደ ቀኝ ይዛወርልኝ። የድሮዎቹ፣ የእውነተኞቹ አሮጌዎች፣ ማርሻቸው በቀኝ እንደነበር ያውቃሉ። አሮጌ ካስመሰልነው አይቀር እስከ መጨረሻው ነው። እዚህ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

መቀመጫውም ትንሽ ዝቅ ይበል።

ለናቭሪት ሰላም ይበሉልኝ።

ሃርቢላስ


ናንግል ሸርጋ
ጃንዋሪ 28

ለሃርቢላስ ሲንግ፤

ጉሩ ከላሞች ሁሉ፣ በተለይ ከዚያች ከአንዷ ይጠብቅህ። ደብዳቤህ ከመዘግየቱ በላይ ማጠሩ ገረመኝ። የአሁኑን እናትህ ሰፍታ ብታየው ለኪስ መሐረብ አይበቃም።

ትእዛዝህ ተፈጽሟል። ማርሹ በቀኝ ሆኗል። ሮሻን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ይሄ ልጅ ገብቶታል! የአባቶቻችንን ማርሽ ጠየቀ!» ብሎ ለጋራዡ ሁሉ ጣፋጭ ገዛ። በዚያው ሞቅታ የኋላ ፍሬኑንም እንደ ጥንቱ ሥርዓት ወደ ግራ እግር አዛውሮልሃል። ልሞክረው ብዬ ወጥቼ፣ ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ ማርሽ ጨምሬ የመንደሩን ሊቀመንበር የሸንኮራ አገዳ ማሳ ጎብኝቻለሁ። ጉብኝቱ የተሳካ ነበር።

አሁን አንተን የሚመለከት ቅሬታ። እናትህ ፎቶ ትፈልጋለች። ናቭሪትም «ቻቻ ጂ፣ ስንደዋወል ፊቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የፓስፖርት ፎቶ የማገባ መሰለኝ። ቁም እስቲ ልይህ ስለው መስመሩ ይቆረጣል» ትላለች። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን እንደ በፊቱ አልነበረም ሳቋ። የምትመጣበትን ቀን ጻፍ፤ ከቻልክም ከላሞቹ ጋር ቆመህ ተነስተህ አንድ ፎቶ ላክ።

ታርሴም


ክሬሞና
ፌብሩዋሪ 17

ቻቻ ጂ፣

እግርዎን ነክቼ።

ፍሬኑን ማን ወደ ግራ አድርጉ አላችሁ? በእናትዎ ሞት፣ መልሱት! ፍሬኑ በእጅ ይሁን፤ መሪው ላይ፣ በቀኝ በኩል። በግራ በኩል ምንም አይኑር። ምንም። ንጹህ ይሁን። በግራ እግር የሚነካ፣ የሚረገጥ፣ የሚጎተት ነገር እንዳላገኝ። መርገጫ ካስፈለገ እንደ ሰሌዳ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይደረግ፣ ጫማ የሚያርፍበት ብቻ።

ሁለተኛ፣ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች ይጨመሩ። ወርቃማው ቸርኬ ከባድ ስለሆነ ሚዛን ይጠብቃሉ። የእነሱም ቸርኬ ወርቃማ ይሁን፤ አብረው የተወለዱ ይመስላሉ።

ሦስተኛ፣ በጎን ከቆዳው ቦርሳ ጀርባ ረጅም ነገር የሚያዝበት መያዣ ይበየድ። ለምሳሌ ጃንጥላ። ሁለት ጃንጥላ። በማርች ዝናብ የለም አይበሉኝ።

ፎቶ ማንሻዬ ተበላሽቷል። ላሞቹ እየወለዱ ስለሆነ ቀን መቁረጥ አልቻልኩም፤ ግን ለ29ኛው እደርሳለሁ። ይንገሯት፤ እደርሳለሁ።

ሃርቢላስ


ናንግል ሸርጋ
ማርች 6

ለክቡር ሙሽራ ለሃርቢላስ ሲንግ፤

በረከት በላይህ ይዝነብ፣ ሁለት ጃንጥላ እስኪያስፈልግህ።

ሥራው ተጠናቋል። ሞተር ሳይክላችን በአሁኑ ሰዓት አራት ጎማ፣ አንድ መብራት፣ ንጹህ የግራ ጎን ያለውና አንድም ወደ ቀኝ የመታጠፍ ችግር የሌለበት ሆኗል፤ ደጋፊዎቹ ጎማዎች ካሉ ወደየትም መታጠፍ እኩል ስለሚከብድ። ሮሻን ደጋፊዎቹን ሲበይድ እንደ ወትሮው አልተፈላሰፈም። «እንዲህ ያለ የሠራሁት ለሎተሪ ሻጩ ለባንታ ብቻ ነው» አለ። ባንታ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሮቹ የማይታዘዙለት ሰው ነው። ከዚያ ሮሻን ወደ ብየዳው ተመለሰ። እኔም ምክንያቱን አልጠየቅኩም። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ስለማይፈልግ ብዙ ወረቀት ያተርፍ ነበር።

አሁን የምሥራች። ለባለጉዳዮቹ ቀድሞ ማሳየት ወግ ስለሆነ፣ ባለፈው እሑድ ከበሮ መቺ ቀጥሬ፣ ሞተሩን አበባ አልብሼ፣ ሐምራዊ ጥምጣሜን አስሬ ወደ ናቭሪት መንደር በሰልፍ ገብቻለሁ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ይሄ ሞተር ነው አልጋ?» አለ አንዱ።

«አልጋማ እግሩ አራት ነው!»

«ይሄም አራት ነው፤ ቁጠር!»

«ሙሽራው ይንከባለላል እንዴ?»

እኔ ከበሮው ስለሚበልጥብኝ ሁሉንም እንደ ምርቃት ተቀበልኩ። የከበሮ መቺው ልጅ ነው ኋላ የነገረኝ።

ሳጅን ሙክቲያር ከግቢያቸው ወጡ። ከበሮውን በእጃቸው አስቆሙት። ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። በትንንሾቹ ጎማዎች አጠገብ ቆም አሉ። «ልቀመጥበት?» አሉኝ። «ደጁም የእርስዎ፣ ሞተሩም የእርስዎ» አልኩ። ተቀመጡ። ግራ እግራቸው ማርሹን ፈለገ። አጣ። ወደፊት ፈለገ፣ ወደኋላ ፈለገ፤ ያ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አርፎ ቀረ። ቀኙ ማርሹን አገኘው። እጃቸው ፍሬኑን አገኘው። ከዚያ የጃንጥላውን መያዣ አዩና ከዘራቸውን ሰደዱበት። ልክክ አለ።

ብዙ ቆዩ እላዩ ላይ። ወርደው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ተረከዛቸውን አጋጠሙ፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ሻይ ቀረበ። «ልጁ ደህና ነው?» አሉኝ። «እንደ ኮርማ!» አልኩ። «ራሱ ነገረህ?» «ራሱ!» ሌላ አልጠየቁም። ናቭሪት ከሰገነቱ ላይ፣ የአውሮፕላን ቅርጽ ካለው የውሃ ታንከራቸው ሥር ሆና ታይ ነበር። አልወረደችም፤ ሙሽራ ስለሆነች ይመስለኛል።

በመሆኑም ጉዳዩ በሴቷም በወንዱም ወገን ሙሉ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ እንዲሁም ወታደራዊው ሰላምታ የተሰጠው ለሞተር ሳይክሉና አሠራሩን በበላይነት ለመራው ለፈራሚው መሆኑን በደስታ አረጋግጣለሁ።

ታርሴም ሲንግ


ክሬሞና
ማርች 17

ቻቻ ጂ፣

ሳጅኑ ሰላምታ ከሰጡ አውቀዋል። ወታደር ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሞተር በወታደር ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ሳያዩ አልቀሩም።

እርስዎም አውቀዋል። ለምን እንዳልጠየቁኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለዚያ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ይጠይቀኝ ነበር።

ላም አልረገጠችኝም። ላሞቹ ምንም አላደረጉኝም። በዲሴምበር መጀመሪያ ያ እበት የሚጠርገው ብረት ያዘኝ፤ ጫማዬ ከሰንሰለቱ ጋር ሄደ፤ እግሬም ከጫማዬ ጋር። ከግራ ጉልበቴ በታች የለም። ሐኪም ቤት ስነቃ ሲኞር አበባ ይዞ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው የጠየቀኝ ብረቱ እንዴት እንደቆመ ነው። የፕላስቲክ እግር ለክተውልኛል፤ ስሄድ ያቆስለኛል። በረቱ ውስጥ ሳይቆሙ የሚሠራ ሥራ የለም ተባልኩ። ከሌሎቹ ልጆች ጋር ባለው ክፍል ተኝቼ ጣራ እቆጥራለሁ። አንድ ጣራ ነው። ቆጥሬ ጨርሻለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ሞተሩ ላይ ሆኜ ደጃቸው እደርሳለሁ። ሙሽራ ከፈረሱ ሳይወርድ ብዙ ይቆይ የለም? ጥምጣሜን አስሬ፣ ፊቴ በአበባው ተሸፍኖ፣ እግሮቼ በሱሪ። ትወጣለች። አራቱን ጎማ ታያለች። አንድ ነገር ትላለች፤ ያውቋታል፣ ዝም አትልም። እስቃለሁ። ትስቃለች። ያኔ እነግራታለሁ። ከሳቀች በኋላ መናገር የሚቀልል መስሎኝ ነበር። ከመሳቋ በፊት መናገር ግን በየቀኑ ሞከርኩት፤ ስልኩን ፊቴ ላይ ይዤ፣ አልወጣ አለኝ።

የአውሮፕላን ቲኬት የለኝም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሄደው ይንገሯት። ከእኔ እንደተላከ ይንገሯት። ይምጣ ካለች ተበድሬም ቢሆን እመጣለሁ።

እግርዎን ነክቼ።

ሃርቢላስ


ናንግል ሸርጋ
ኤፕሪል 3

ልጄ ሃርቢላስ፤

ደብዳቤህ የደረሰን ማርች 31 ነው። ሠርግ ሊሆን የነበረው ቀን ሁለት ቀን አልፎት። ስንዴው ደርቋል፤ ሰዉ ሁሉ ማሳ ውስጥ ነው። በ29ኛው ቀን ሞተሩን አላስነሳሁትም።

ያልጻፍኩልህ ነገር አለ። የማርች 6ቱን ደብዳቤ በላክሁ ማግስት ናቭሪት ብቻዋን ጋራዡ መጣች። ሮሻንን «ቁልፉን አምጣ» አለችው። ቁጭ አለች፤ ግራ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ በቀኟ ማርሽ እያስገባች፣ በእጇ ፍሬን እየያዘች እስከ ቦዩ ድረስ ነድታ ተመለሰች። ከአንድ ሰውም ጋር አልተጋጨችም። ከእኔ ትሻላለች። ወርዳ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ይነዳል፣ ቻቻ ጂ» አለች።

«ይነዳላ!» አልኩ።

«አንድ እግር ላለው ሰው ጥሩ ተሠርቷል። እኔም ኋላው ላይ ብቀመጥ አይወድቅም።» ከዚያ የእጮኝነት ቀለበቷን ከጣቷ አወጣች። «እህቴ የባሏን ነገር ከሰው ሰማች። እኔ ከሞተር ሰማሁ።»

ያንን ላንተ መጻፍ አልቻልኩም። ብዕሩን አነሳለሁ፣ «ለክቡር ሙሽራ» ብዬ እጀምራለሁ፣ እተወዋለሁ። ሳጅኑ የላክነውን የጋብቻ ቃል ማሰሪያ ኮኮናቱንና ልብሱን በሳምንቱ መለሱ። ለማግባባት ሄጄ ነበር። ጮክ ብለው፣ ለጆሮዬ ሲሉ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ነው የነገሩኝ፦ «ታርሴም፣ እግር የጎደለው ሰው ነኝ ብሎ ቢመጣ ደጄን ከፍቼ፣ በጀርባዬ አዝዬ አስገባው ነበር። ጓዶቼን እንዲህ ተሸክሜያለሁ። የተደበቀውን ግን አንዴ ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

አሁን የላክኸውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ከሳቀች በኋላ ልነግራት ነበር የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አነባበቧ ዘገየ። ሁለቴ ያነበበችው መሰለኝ። አጥፋ መለሰችልኝ። «እስቅ ነበር» አለች። ይምጣ ካለች ብለሃል፤ ጠየቅኳት። ራሷን ነቅንቃ አይሆንም አለች። ከጥጥ መዳመጫው ባለቤት ልጅ ጋር የጋብቻ ነገር እንደተጀመረ እዚያው ሰማሁ። እሱ እዚሁ ነው፤ የትም አልሄደም፤ የሚደብቀውም የለው፣ ሁሉ ነገሩ ሆዱን ጨምሮ በግልጽ ይታያል።

ለእናትህ ነግሬያታለሁ። አላለቀሰችም። ላሟን ሁለት ቀን አላለበቻትም፤ ጎረቤት ነው ያለበልን።

ሮሻን ደጋፊዎቹን ጎማዎች ነቅዬ ሞተሩን እንደ ድሮው ላድርገው ብሎ ጠየቀኝ። አትንካ አልኩት። ከሽንብራ ጎተራው አጠገብ ቆሟል። ሎተሪ ሻጩ ባንታ በመጣ ቁጥር አይቶት ይሄዳል፤ አፍ አውጥቶ አልጠየቀም፣ እኔም እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ስትመጣ ቤትህ ቤትህ ነው። ሥራ የለም፤ አልዋሽህም። የምትቀመጥበት ግን አለ።

እርማት

በማርች 6 ቀን በተጻፈው ደብዳቤ «ጉዳዩ ሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል» ተብሎ የሰፈረው በስህተት የገባ ስለሆነ ተሰርዟል። እንዲሁም በዚሁ ደብዳቤ ሳጅን ሙክቲያር ሲንግ ወታደራዊ ሰላምታ የሰጡት ለሞተር ሳይክሉና ለፈራሚው ነው ተብሎ የተገለጸው ትክክል አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሰላምታው ለአንተ ስለነበረ በዚሁ መሠረት ታርሞ እንዲነበብ አሳስባለሁ።

ታርሴም ሲንግ